የለችም የተባለችው መንደር

ለምወድሽ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ከመቀጠልሽ በፊት ቁጭ በይ፤ አጠገብሽ ሰው ካለም እጅሽን ይያዝሽ። ቡናማው ሱሪዬ፣ ያ ጡረታ የወጣሁ ቀን የለበስኩት፣ ቀኝ እግሩን በብስክሌት ሰንሰለት ተበልቶ በተወለደ በዘጠኝ ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። መርዶው አምስት ሳምንት የዘገየው ደንግጠሽ ሥራ እንዳትፈቺ ተብሎ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ባልሽስ? የልጅ ልጄ የፊት ጥርስ በቀለላት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። «በጣም» የምትለዋን ዝም ብዬ አልጻፍኳትም፤ እመለስባታለሁ።

ያወጣሽውን አዋጅ መቼም አልረሳሽውም። «አባዬ፣ በሁለት ወር ውስጥ ስኳርህ ካልወረደ ዕቃህን ጠቅልለህ እኔ ጋ ትገባለህ» ብለሽ፣ ሳልመልስልሽ ስልኩን ዘጋሽው። በሳምንቱ የእንግዳ ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ ፎቶውን ላክሽልኝ። ክፍሉ ያምራል። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱም የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እዚያ ተጎልቼ የሰው መጋረጃ ስቆጥር ከምውል ብዬ ከጎረቤታችን ከመካኒኩ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ።

ፊት ለፊታችን ያለው ጡረተኛ ሹፌር ከበረንዳው ሆኖ «ስማ፣ ይሄ ነገር መንጃ ፈቃድ አለው?» አለኝ። ሚስቱ ደግሞ «ተወው እንጂ፣ ልጅ ሆኖ ያልጨረሰውን ይጨርስ!» አለችው። እሷኑ ፈጣሪ ቀጣት፤ በማግስቱ ካሰጣችው አንሶላ ጋር ተጠቅልዬ ወደቅኩ።

እንደምታውቂው ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ ኖሬያለሁ። በዙሪያችን ያለ መንደር ሁሉ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሽኝ እነግርሻለሁ፤ አንዱንም ግን ረግጬው አላውቅም። ስለዚህ በየተራ ልጎበኛቸው ተነሣሁ። «ሣጥን ስድስት» እያልኩ ስጠራት የኖርኩት መንደር ለካ ወንዝ አላት! ዳክዬ አላት! የነገረኝ የለም። የወፍጮዋ መንደር ውሾች እስከ ድልድዩ ሸኙኝ፤ ያን ቀን የነዳሁትን አነዳድ ሐኪሙ ቢያይ መድኃኒት ብሎ ያዝዘው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ትልቁን ዳገት ወጣሁት። ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ፣ ሰንሰለቱ ሱሪዬን ነከሰው፣ እኔም አንድ የሽንኩርት መደብ ውስጥ ገባሁ። ሽንኩርቱን ታጠጣ የነበረችው ሴት «አልጠማዎትም?» አለችኝ እንጂ አልጮኸችብኝም። እየጠጣሁ የመንደሯን ስም ጠየቅኳት። ስትነግረኝ ውሃው ትን አለኝ።

ልጄ፣ ያቺ መንደር የለችም። የለችም ያልኩትም እኔው ነኝ። ግድግዳችን ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረች፣ ስሟ ያለበት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ ለላኪው ይመለስ» የሚለውን ማኅተም ስመታ ኖሬያለሁ። በዓመት ሁለት ሦስቴ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ። የለችም ብዬ የፈረምኩባት መንደር ውሃ አጠጣችኝ።

መደበቅ አቃተኝና ተናዘዝኩላት። ላኪዋ ታላቅ እህቷ እንደሆነች ነገረችኝ። እህትዮዋ አገር ለቃ ስትሄድ አድራሻ አልነበራትም፤ ይቺኛዋም «ተቀይማኝ ነው» ብላ አሥራ አንድ ዓመት ከረመች። እኔ ግን አድራሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስመልስበት ነዋ የኖርኩት! እዚያው በወረቀት ጻፍኩላት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እግሬን ተመልክታ፣ ለካ ልብስ ሰፊ ናት፣ «በሉ ይግቡ፤ የሌለች ሴት በሌለች መንደር ሱሪዎን ስትሰፋ ይዩ» አለችኝ። ቅዳዱ ጉልበት ስለደረሰ ሱሪውን አስቀርታ፣ ደንበኛ የረሳውን አልብሳ ሰደደችኝ። ቅጣቴንም ፈረደች፦ ለእህቷ የምትጽፈውን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ራሴ ላደርስ፣ መልሱንም ራሴ ላመጣ።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ያን ዳገት ከብስክሌቱ ሳልወርድ ወጣሁት! አንዴም አልገፋሁም! በሩ ላይ ቆማ አነበበችው፣ ገባች፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች። «አሁን መንደራችን አለች» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። በሳምንት ሦስት ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ እንዳትዪኝ፤ ለጤናዬ ነው።

ሰኞ ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየው። «ምን እየበሉ ነው?» ሲለኝ፣ የወደቅኩባቸውን ቀናት አስቤ «አፈር» ልለው ምንም አልቀረኝ። ስኳሩ ወርዷል! ወረቀቱን አያይዣለሁ። የተቀባው ክፍል ለልጅሽ መጫወቻ ይሁን፤ እኔ እዚህ ሥራ በዝቶብኛል።

እሑድ እናትሽ መቃብር ድረስ በብስክሌት ሄጄ ብዙ ነገር አወራኋት። የብስክሌቱንም ደወል ደወልኩላት። ብትሰማኝ የምትስቅ ይመስለኛል።

በይ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም፤ ልጅሽም አንቺ እኔን እንደምትቆጣጠሪኝ አንቺን ትቆጣጠርሽ።

ጡረታውን የሰረዘው አባትሽ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ቡናማው ሱሪ «በሞት ተለይቷል» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። ሱሪው ከተሰፋ አራት ሳምንት አልፎታል፤ በአሁኑ ሰዓት ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ለባለቤቱ እንዲመለስ እስካሁን የጠየቀ የለም።