አሥራ ዘጠኝ ኤክስ

ማርች 5

የኀዘን መግለጫ። የፖስታ ቤታችን ብቸኛ ወንበር የኋላ ግራ እግር፣ ባደረበት የምስጥ ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ በአክስቴ ኬቱራ ሥር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩ ምድጃው ውስጥ ተፈጽሟል።

አክስቴ ኬቱራ ወለሉ ላይ ተዘርግተው እንኳ አልተነሡም። «ቀጥዪ እንጂ! ምራቴ ምን አለች?»

ደብዳቤያቸውን እያነበብኩላቸው ነበር። ከባርነት የወጡ ሰዎቻችን በቆረቆሩት በዚህ ከተማ የፖስታ ኃላፊም አንባቢም እኔ ነኝ፤ የማላነበው ደብዳቤ የለም። ማን እንዳረገዘች ከባልየው በፊት አውቃለሁ። ካንሳስ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ወሬ ያለው ሰው ቢኖር ቄሳችን ናቸው፤ እሳቸውም የሚሰሙት ከእኔ ነው።

ማርች 10

እሑድ። ትላልቆቹ ተማሪዎቼ ከጸሎት በኋላ መጡ። ትምህርት ቤታችን ከፖስታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። አክስቴ ኬቱራ ስማቸውን መጻፍ ከቻሉ ቆዩ፤ ማንበቡ ግን «ዓይኔን ያስለቅሰኛል» ይላሉ። ለምን ይልፉ? እኔ አለሁላቸው።

አጎቴ ኢሳካር ግን… ሰባ ዓመታቸው ነው። መማር በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ዛሬ፣ ስማቸውን ከዳር እስከ ዳር ጻፉ። አሁን ማን ያቁማቸው?

ማርች 13

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ኢሳካር» የሚል ተጽፏል። ቄሱ ሕንፃው ተሸጠ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ማርች 21

ባለሱቁ ሚስተር ፕራውት መጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ዋሽንግተን ላይ መንግሥት ተቀይሯል፣ ሚስ ኦርፋ። አዲሱ ፓርቲ የራሱን ሰው ነው የሚሾመው።»

«እርስዎ የየትኛው ፓርቲ ነዎት?»

«ያሸነፈው።»

ሐቀኛ ሰው ነው… ፖስታ ቤቱን ወደ ሱቁ ሊያዛውር ነው። ደብዳቤ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ያለሚስማርና ያለሽሮፕ አይወጣማ። እኔስ? ይህ ቤት የተሰጠን ለፖስታው ነው። ፖስታው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ተማሪዎቼን የት ላስቀምጥ? በቆሎ ማሳ ውስጥ?

ኤፕሪል 2

የገዛ ክሴን በገዛ እጄ ከከረጢቱ አወጣሁ። ማኅተም መታሁበት። ለራሴ አስረከብኩ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

«የሕዝብ ምስጢር ታወጣለች፤ ትነሣልን» ብለው ሠላሳ አንድ ሰዎች ፈርመዋል። የፖስታ ተቆጣጣሪው ኤፕሪል 11 ይመጣል።

ሠላሳ አንድ! ከእኛው መሐል? እነማን? ደግሞ ምስጢር አላወጣም። ለቄሱ ብቻ።

ምሳ አልበላሁም። በታሪኬ የመጀመሪያው ነው።

ኤፕሪል 11

ይህን ልጻፍ፣ እጄ ሳይበርድ።

ተቆጣጣሪው ቀጭን፣ የሚያስነጥሰው ሰው ነው። ሕዝቡን ሰብስቦ አቤቱታውን አነበበ። ፕራውት በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። አሥራ ሁለቱ ፈራሚዎች የፕራውት ዘመዶች ናቸው፤ ይሁን። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ የእኛ ሰዎች ግን «መጻፍ ስለማይችሉ» በኤክስ ምልክት ፈርመዋል ይላል አቤቱታው። በየኤክሱ ጎን ስማቸውን የጻፈላቸው ፕራውት ነው።

«ኢሳካር ቦልዲን፣ ኤክስ» አለ ተቆጣጣሪው።

አጎቴ ኢሳካር ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ? ኤክስ?»

«እዚህ ላይ እንዲህ ይላል።»

«ነጻ ስወጣ የሥራ ውሉ ላይ ኤክስ። ሳገባ ኤክስ። መሬቴን ሳስመዘግብ ኤክስ። ፊደል ስነካ ቢያየኝ ኖሮ ቆዳዬን የሚገፍ ጌታ ነበረኝ እኔ! ሦስት ክረምት ላቤን አፍስሼ… ዛሬም ኤክስ? ኦርፋ! ብዕር አምጪ!»

«አይቻልም፣ ይህ የመንግሥት ሰነድ…»

«የተሰደብኩት እሱ ላይ ነዋ!»

ጻፉ። ምላሳቸውን አውጥተው፣ እያቃሰቱ። ግማሹን ክስ የሸፈነ «ኢሳካር»።

አክስቴ ኬቱራ ተከተሉ። «የእኔን አሳየኝ እስቲ። ኧረ በጌታ! እንዴት ያስጠላል! በኤክስ ዘመኔ እንኳ እንዲህ ያለ ጠማማ አልሠራሁም።» እሳቸውም ጻፉ።

ከዚያ ሁሉም ተሰለፈ። አሥራ ዘጠኙም። ቀለሙ አልቆ ከትምህርት ቤቱ አመጣሁ። ፕራውት ስሞቹን የገለበጠው ከአሥር ዓመት በፊት ከተጻፈው የመሬት መዝገብ ነው ለካ፤ ያኔ ሁላቸውም ኤክስ ነበሩ። እሑድ እሑድ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንደምንሠራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ተቆጣጣሪው አስነጠሰ። «ሚስተር ፕራውት፣ የሚሸጡት ነገር ካለ ወደ ሱቅዎ ይመለሱ፤ እዚህ ገዢ የለም።»

ኤፕሪል 12

ሹመቴ ጸንቷል። ቤቱም፣ ክፍሏም። ይህ መሥሪያ ቤት በጉዳዩ ያጣው አንዳች ነገር የለም።

ኖቬምበር 9

ለአክስቴ ኬቱራ ከምራታቸው ደብዳቤ መጣ። እንደ ወትሮው እጄን ዘረጋሁ። አክስቴ ኬቱራ ወደ ደረታቸው ሳቡት። ተቆጣጣሪው ከመጣባት ቀን ወዲህ እሑድ ቀርተው አያውቁም፤ ዓይናቸውም ማልቀሱን ትቷል። መስኮቱ ጋ ሄደው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ በከንፈራቸው እያጉረመረሙ… ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ሳቅ! ሆዳቸውን ይዘው።

«ምን አለች?»

«የግል ነው።»

«አክስቴ!»

«ምስጢር ታወጫለሽ ተብለሽ ተከሰሽ የለ እንዴ?» ደብዳቤውን ጉያቸው ሸጉጠው ወጡ። ደረጃው ላይ ሆነው እንደገና ሳቁ።

ቄሱ ከሰዓት በኋላ ብቅ አሉ። ወሬ የለኝም ብላቸው አላመኑም።

እርማት፦ በኤፕሪል 12 «ይህ መሥሪያ ቤት በጉዳዩ ያጣው አንዳች ነገር የለም» ተብሎ የተመዘገበው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ወሬ ሙሉ በሙሉ አጥቷል። በተደረገው ማጣራትም ጥፋተኛዋ አስተማሪዋ ሆና ተገኝታለች።