መተላለፊያው ሳይረዝም ቤታችሁን አትሽጡ

ይድረስ ለተወደድሽው ልጄ ለሲግሪድ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የባለቤትሽ የደርዊን ወገብ ተሻለው ወይ? ትንሿ ኢንጋስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እናትሽም ዝናቡን እየረገመች ደህና ናት።

የጋዝ ወደቡ ሁለተኛ ማከማቻ ሊሠራ ነውና፣ ደርዊን እዚያ እንዲቀጠር ቤታችሁን ሸጣችሁ ወደዚህ ልትመጡ ማሰባችሁን ከደብዳቤሽ ተረዳሁ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ልቤ ግን ነገሩን አላመነውም።

ባለፈው ሐሙስ የወደቡ ኩባንያ በዓሣ አጥማጆች አዳራሽ ሰብስቦ ዓሣ ጥብስ አበላን። ያለምክንያት የሚያበላኝን ሰው አላምንም። ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቃል አቀባያቸው፣ «በመርከብ የምንጭነው ፕሮፔን ጋዝ እጥፍ ይሆናል፤ ሥራውም እንደዚያው» አለ። ተነሥቼ ጋዙ በምን እንደሚመጣ ጠየቅሁት። «በባቡር ነዋ አባባ!» ብሎ ሳቀ። «በየትኛው ሐዲድ?» አልሁት። ጎረቤታችን ቶርቫልድ ከኋላዬ፣ «ኧረ ተቀመጥ ሰውዬ፣ ዓሣው ቀዘቀዘብን!» ብሎ አዳራሹን አሳቀብኝ። መልሱም በሳቁ መካከል ቀረ።

ዕድሜዬን በዚህ መሥመር ባቡር ስነዳ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከተራራው እስከ ባሕሩ ያለው ሐዲድ አንድ ነው፤ ስንዴውም፣ ከሰሉም፣ ጋዙም በእርሱው ይመጣል። ሁለት ባቡሮች ሲገናኙ አንዱ ከጎን ወዳለው አጭር መተላለፊያ ሐዲድ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል፤ የዛሬዎቹ ባቡሮች ደግሞ ከብዙዎቹ መተላለፊያዎች ይረዝማሉ፤ ገብተው ማሳለፍ አይችሉም። ከተራራው ወዲያ ብርዱ ሲጠና ፍሬኑን የሚያሠራው አየር እስከ መጨረሻው ፉርጎ በደንብ አይደርስም፤ ስለዚህ ፉርጎ እየቀነስን ባቡሩን እናሳጥር ነበር፣ ዛሬም ያሳጥራሉ። ጋዝ እጅግ የሚፈለገውም በዚያው በብርዱ ወራት ነው። ኩባንያው ይህን አያውቅም አልልም። ያስጠረጠረኝ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው።

በማግስቱ ወደብ ወርጄ ነበር። ጋዙን የምትጭነው መርከብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሠራተኞቹ ካርታ ይጫወታሉ። ያለው ማከማቻ እንኳ አልሞላም። ምን እንደሚጠብቁ ብጠይቃቸው፣ «ባቡሩን ነዋ! አንተ ነህ እንዴ ያስቀረኸው፣ ሽማግሌው?» አሉኝ።

ልጄ፣ ማከማቻ ማስፋት ባቡር አያመጣም። መተላለፊያዎቹ ሲረዝሙ በዓይኔ ሳላይ ቤታችሁን እንዳትሸጡ አደራ እልሻለሁ። ይህን ስጽፍ ራሴንም እየተጠራጠርሁ ነው፤ መምጣታችሁን ከማንም በላይ የምመኘው እኔ ነኝና።

ለደርዊን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢንጋን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናትሽ ናፍቆቷ ይድረስሽ ትላለች፤ የቀድሞ ክፍልሽን ቀለም መቀባት ጀምራለች። ገና ነው ብላት አልሰማ አለችኝ። መሰላሉን የያዝሁላት ግን እኔው ነኝ።

አባትሽ ኢንግቫር
ፕሪንስ ሩፐርት፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2024