ሻርፕ የማይሸፍነው ጀርባ

በፈረንሳይ፣ በብርታኝ ጠረፍ ለምትገኘው ታላቅ እህቴ ለናይግ፣

እንደምን ከረምሽ? ዓይንሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ዶሮዎችሽ ይጥላሉ? ሰው ምን ይለኛል እያልሽ ያጣሽው እንቅልፍስ ተመለሰልሽ? እኔ አለሁ። አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ እቀመጣለሁ፤ የጎድን አጥንቶቼ እርስ በርስ ተደጋግፈው ለሳንባዬ ቦታ ነፍገውታል። ሐኪሙ "ማዳም፣ እርስዎ እኮ በግማሽ ደረት ነው የሚኖሩት" አለኝ። በግማሽ ቤተሰብ ለኖረች ሰው ግማሽ ደረት ምን ይደንቃታል አልኩት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የልጅ ልጅሽ ማሪቮን ልታገባ ነው፤ እሰይ። የታናሿ የሮዘን ጀርባ ግን ጠሟል፣ ቀኝ ትከሻዋም ከፍ ብሏል፤ ምን ቅባት እንደሚሻልና ሻርፕ እንዴት እንደሚታሰርላት ንገሪን ትያለሽ። ሐኪም ካያት በጀሶ ይጠቀልላታል፣ አገር ይሰማል ትያለሽ። ዓይንሽ ስለደከመ ይህን ሁሉ ያስጻፍሽው ራሷን ሮዘንን ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ራሷ "የልጅቷ ትከሻ ፎቶውን ያበላሻል" ብላ በገዛ እጇ ጻፈች!

ይህን ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ ናይግ። ባለፈው ዓመት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ አንሶላ በምተኩስበት ሆስፒታል የተኛች አስተማሪ ፊደል አስቆጠረችኝ። ጀርባዋ ስለተሰበረ ቀና ማለት አትችልም፤ ከራስጌዋ በተሰቀለው መስታወት እያየች ነበር የምታስጠናኝ። ለዚህ ነው እስካሁን አንዳንዱን ፊደል ገልብጬ የምጽፈው።

ማንበብ እንደቻልኩ የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፈትኩ። በዘጠኝ ዓመቴ የአጥንት ቲቢ ጀርባዬን በልቶት እዚህ ቤርክ ሆስፒታል ስታመጡኝ፣ ስድስት ዓመት በጀሶ ታስሬ ጣራ ሳይ፣ ደብዳቤዎችሽን ያነቡልኝ የነበሩት እማሆይ ክሎቲልድ ናቸው። "እናትሽ ስማሻለች፤ ናይግ አልጋሽን አንጥፋ ትጠብቅሻለች" ይሉኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድም መሳም የለም። ያለው "እስካገባ እዚያው ያቆዩልን፤ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ጎባጣ እንዳለን አያውቁም" የሚል ነው። እማሆይን ነፍሳቸውን ይማር፤ ውሸታም ነበሩ።

ሆስፒታሉ ግን አላቆየኝም፤ ሠርግሽ ሳምንት ሲቀረው ደረስኩ። ከእንግዶች ካፖርት ጋር ጓዳ ወሸቅሽኝ። አንዱ ዓሣ አጥማጅ እዚያ አገኘኝና "ጎባጣ መንካት ገድ ነው፣ ኑ!" ብሎ ተጣራ። ተሰለፉ። "ቀስ በል አንተ፣ ገዱን ለብቻህ ልትጨርሰው ነው?" "ጠበቅ አርገህ እሸው፣ ዓሣው በበርሜል ይገባልሃል!" መጨረሻ ላይ አንቺ በነጭ ቀሚስሽ መጣሽ፤ "አንዴ ብቻ፣ ሶአዚግዬ" ብለሽ እጅሽን በሻርፔ ስር ሰደድሽ። በሦስተኛው ዓመት ባልሽን ባሕር በላው። ገዱ ያን ያህል ነበር።

የሮዘን እንደኔ ቲቢ አይደለም፤ ከዕድገት ጋር የሚመጣ መጣመም ነው። እናቷ ከኋላዋ ቁማ ጎንበስ በይ ትበላት። አንዱ ጎኗ እንደ ዳቦ ኩፍ ካለ ቅባት አትፈልጉ። እዚህ አከርካሪዋን ይስቡላታል፣ በጀሶ ያቃኗታል፣ ኋላም ደረትና ወገቧን የሚደግፍ ደረቅ ኮርሴት ያለብሷታል። ያማል፣ ያሳክካል፣ ታለቅሳለች። ግን ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ ዕድገቷ ካቆመ በኋላ አጥንት ልመና አይሰማም።

ሠርጉ ሰኔ ሃያ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ ሮዘን ቤርክ ካልደረሰች እኔ እመጣለሁ። ያለ ሻርፕ፣ ስስ ቀሚስ ለብሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ። ለሙሽራው ወገኖች የማን እህት እንደሆንኩ እነግራለሁ፤ ጉብጠቱም በዘር ነው እላለሁ። ውሸት ነው፤ መዋሸትን ከእማሆይ ተምሬአለሁ። ፎቶው ላይም መሐል እቆማለሁ።

ለልጅሽ ለኤርቫንና ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ልጃቸውን በየቀኑ እያዩ ዝም ላሉት። ለማሪቮን መልካም ጋብቻ፤ እጇን በማንም ሻርፕ ስር አትስደድ።

ሮዘን፣ ይህን ለአያትሽ ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። "በቃ፣ እጠፊው" ትልሻለች። እንዳታጥፊው። መሳምም እንዳትጨምሪበት። ባቡር ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ስትወርጂ እጄን ያዢ እንጂ ጀርባዬን አትንኪ፤ ገድ የለውም።

ሶአዚግ
ቤርክ፣ መጋቢት 3 ቀን 1969 እ.ኤ.አ.