የአሮጌው ድራይቨር ጠባቂ ለሆኑት ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ ከሲቲ ስካን ክፍል በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ። በውስጥ ደብዳቤ ደጋግሜ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ ሥራ እንደበዛብዎ ተረድቼ ሕዝብ እንዲያነብልዎ ይህንን በአደባባይ አቅርቤያለሁ።

፩ኛ፦ የታካሚዎችን ምስል የሚያስቀምጠው፣ ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት የሚሠራው ሰርቨር ቢያዘግም፣ ውለው ሳያድሩ አዳዲስ ፈጣን ዲስኮች ስላስገዙልን ከልብ እናመሰግናለን። ሪባን ቆርጠው ያደረጉት ንግግርም ግሩም ነበር። ምስሎቹ ግን ከንግግሩ በኋላም እንደ ቀድሞው ያዘግማሉ። በክፍልዎ ያለው የሲስተም ባለሙያ እንዳስረዳን፣ ድራይቨር ማለት ሊኑክስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ነው። እርስዎ የመረጡት አስተርጓሚ አዲሱን ዲስክ ድሮ የቀረ ዲስክ እያስመሰለ፣ አንዱን ጥያቄ ሳይጨርስ ሌላውን የማይሰማ ነው። ብዙ ጥያቄ ባንዴ የሚቀበለው፣ ለዚህ ዓይነት ሰርቨር የተሠራው ድራይቨር ደግሞ እዚያው ሊኑክሱ ውስጥ በነፃ ተቀምጧል።

፪ኛ፦ ባለሙያው በሙከራ ሰርቨር ላይ ድራይቨሩን ሲቀይረው፣ ስንጠብቀው የምንደክመው ምስል ወዲያው ሲከፈት ሁላችንም አየን። እርስዎ ግን የሚሠራ ነገር አይነካም ብለው፣ ባለሙያውን ወደ ፕሪንተር ጥገና አዛወሩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ ሰዎች፣ እርስዎን ማለታቸው እንዳልሆነ አምናለሁ።

፫ኛ፦ ይህን በትሕትና መጻፍ አልችልም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልብስ ሰፊ ግማሽ አካሏ ዝሎ፣ በልጇ ተደግፋ፣ ደም የረጋበትን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ስካኑን ወዲያው አነሳሁ። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ያለው ማዶ ሕንፃ ነው፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም አለመፍሰሱን ሳያይ መድኃኒቱን ማዘዝ አይችልም። እሱ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየ፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየን። ልጇ ምን እየጠበቅን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ኮምፒውተሩን ነው ለማለት አፈርኩ። ምስሉ ሲከፈት ጊዜው አልፎ ነበር። ዛሬ ቀኝ እጇ መቀስ አይይዝም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ኃላፊ፤ ንዴቴን የሚያሳምር ቃልም አልፈልግም።

፬ኛ፦ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ስላቋቋሙ ደግሞ እናመሰግናለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮሚቴው ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ፣ ድራይቨሩ ይቀየር፤ ባለሙያውም ወደ ሥራው ይመለስ።

ፈቃድዎን እየጠበቅሁ፣ ለወንበርዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ለወንበርዎ የማቀርበው፣

የሲቲ ስካን ባለሙያዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር ራስዎን አሞዎት ሲመጡ፣ ምስልዎ በሰርቨሩ በኩል እንዳይሄድ ስላዘዙ፣ ከማሽኑ በፍላሽ ቀድቼ ማዶ ሕንፃ ድረስ ሮጬ አድርሻለሁ። በማግስቱ ፍላሽ መጠቀም ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ፈርመው የማሽኑን የፍላሽ መሰኪያ አዘጉት። ለልብስ ሰፊዋም መሮጥ እችል ነበር።