ሁለቱ ምስክሮች ያልተስማሙባት መኪና

ውድ እትዬ ኩዛማ፣

አንቺ ከባልሽ ጋር ዓቃባ ከወረድሽ ወዲህ፣ አጎታችን አቡ ጃዚ የሠርግሽን ቀን ሲያወሩ የመኪናዋን ችግር ያገኙት እሳቸው ሆነዋል። እኔ ግን ኋላ ወንበር ላይ በአንቺና በባልሽ አያት በሐጃ ፊዳ መሃል ተጨፍልቄ ሁሉንም አይቻለሁ። ያን ቀን ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ።

ወደ ባልሽ ቤተሰብ ቤት ማደባ ስንወስድሽ፣ የሙጂብን ሸለቆ ዳገት እንደጀመርን መኪናዋ ለገመች። አቡ ጃዚ የነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጡትም ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። አጃቢው ሁሉ ከኋላችን ቆመ። አጎቶቻችን ወርደው ከበቡንና በአንዴ መካኒክ ሆኑ፤ አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አሉ፣ ሌላው ጎማውን በእርግጫ መቱት። ጎማው ምን እንዳጠፋ እስካሁን አልገባኝም። ሐጃ ፊዳ ግን ሞተሩን አላዩም፤ አንቺን ነው ያዩት።

"ሙሽራ ይዛ የምትቆም መኪና ደግ አይደለችም። ልጅቷ ትመለስና ሌላ ቀን ይታያል" አሉ።

ከመንገድ ለተመለሰች ሙሽራ ያ ሌላ ቀን እንደማይመጣላት ሁላችንም እናውቃለን።

አንቺ አላለቀስሽም። አቡ ጃዚን በትሕትና ከመሪው አስነሥተሽ፣ ነጩን ቀሚስሽን ጠቅልለሽ ወደ ፊት ተሻገርሽ። ለካስ የሙሽራ ቦርሳሽ ውስጥ የያዝሽው ኮሌጅ መካኒክነት ስትማሪ የምትሠሪባትን የመኪና መመርመሪያ ነው። ከመሪው ሥር ሰክተሽ፣ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ ከፍተሽ፣ ጎንበስ ብለሽ መርገጫውን በእጅሽ ቀስ እያልሽ ጫንሽው። ከመመርመሪያዋ ጋር የተገናኘው ስልክሽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። አንዱ ከእጅሽ ጋር አብሮ ወጣ፤ ሌላው መሃል ላይ ሲደርስ ዜሮ ገባ። ደገምሽው፤ እዚያው ቦታ ወደቀ። ሽቦውን ነቀነቅሽ፣ ሶኬቱን ነቅለሽ መልሰሽ ሰካሽ፤ ያው ነው።

"ሐጃ፣ መርገጫው ምን ያህል እንደተረገጠ ለሞተሩ የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች አሉ" አልሽ። "ቃዲው የኒካህ ምስክሮች ቃላቸው ካልገጠመ ምን ያደርጋል?"

"ይጠነቀቃላ" አሉ።

"መኪናዋም እየተጠነቀቀችልን ነው። የሚመሰክረው ሴንሰር ነገ ይቀየራል። ዛሬ አንዱን ምስክር ብቻ እያመነች ቀስ ብላ ታደርሰናለች።"

ሐጃ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ፣ "አቡ ጃዚ፣ ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ግባና ንዳ እንጂ" አሏቸው።

የሙሽራ መኪና መቅደም ነውር ነውና አጀቡ በሙሉ እንደ ኤሊ ተከተለን። አጎቶቻችን የሚያውቁትን ዘፈን ጨርሰው የማያውቁትን ጀመሩ። አንዲት አህያ ቀደመችን፤ እሷን የተቆጣ የለም።

ማደባ ስንደርስ፣ ትዳሩ እንዲጸና ሙሽራ በባሏ ቤት ጉበን ላይ የምትለጥፈውን ሊጥ አቀረቡልሽ። እጅሽ በግራሶ ጠቁሮ ነበርና ልትታጠቢ ስትይ ሐጃ ክንድሽን ያዙ። "በዚሁ እጅሽ ለጥፊው" አሉ። አንቺም በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ለጠፍሽው።

ትናንት ሐጃን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሊጡ ደርቋል፤ ጥቁሩ አሻራሽ ግን እንዳለ ነው። በሩን ሊቀባ የመጣውን ቀለም ቀቢ በከዘራ አባረውታል።

የምትኮራብሽ ታናሽሽ፣
ሪታጅ