የቴውኒስ የግዴታ በጎ ፈቃድ

ሮተርዳም

ውድ እህቴ ኔለከ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደኅና ነን።

ባለቤቴ ቴውኒስ ከመርከብ ፋብሪካው ከተቀነሰ ወዲህ ማዘጋጃ ቤቱ «የሥራ አጥ ድጎማ የምታገኘው ሰፈሩን በነፃ ካገለገልክ ነው» ብሎ የአረጋውያን ምሳ ወደሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ላከው። መጀመሪያ «ጉልበቴን በነፃ ሊበሉት!» ይል ነበር። አሁን ተላጭቶና ሽቶ ተቀብቶ ይሄዳል። ኃላፊዋ ኢነከ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የአተር ሾርባዋ ከኔው ሾርባ ይበልጣል አሉ።

ማክሰኞ ሥራ አገኘና ግዴታው ቀረለት። ደስ ብሎኝ ኬክ ጋገርኩ። እሱ ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ያን ትልቅ ድስት ማን ያነሳላታል?» አለኝ።

«እኔ አነሳላታለሁ» አልኩት።

ዛሬ ሄጄ ተመዘገብኩ። ኢነከ «ማንም ሳያስገድድሽ?» ብላ አቀፈችኝ። መልኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያስከፋም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ቅዳሜ እንዳትደውዪ፤ ሁለታችንም እዚያው ነን።

የምትናፍቅሽ እህትሽ ኼርትየ