የአባቴ ክንድ በጎን

ጎንደር፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ዛሬ ኮርቻለሁ። ለሰው ብናገረው ጉራ ይመስልብኛል፤ እዚህ ልጻፈው።

የጤና ትምህርት ቤቱ መምህራችን ክንድን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሥላችሁ አምጡ ካሉን ሰንብቷል። የፊቱና የኋላው ወዲያው ወጣልኝ። የጎኑ ግን አልሆነልኝም፤ እርሳሱን ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነኝ። ጻድቅ በሙሉ ፊት፣ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሲሣሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ክንድ ዓይን እንደሌለው መቼ ጠፋኝ!

ዛሬ አባቴ ከአገራችን ከትክል ድንጋይ ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። ያስቸገረኝን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን በጎን ዘረጉልኝ።

«በል ሣል» አሉኝ።

ሣልሁ። ድሮ ከመሰላል ወድቀው የሰበሩት ክርናቸው ከፊት ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ከጎን ግን ጉብ ብሎ ይታያል። እሱንም አልተውሁት።

ስጨርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። ክርናቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ሥዕሉንም ዳሰሱት።

«ሸጋ ነው። እኔ እንዲህ አልችልም» አሉ።

አባቴ ሥራዬን ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም በርጩማውን አዙረው በጎን ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

«በል እንግዲህ፣ ፊቴንም ሣለው። አንድ ዓይኔ ብቻ ይታይ፤ አንተ ከሣልኸኝ ግድ የለኝም።»